አርባ ሁለተኛው ሸረሪት

ፀዲ ከውሃ ፋብሪካው ስትወጣ እግሮቿ የሷ አይመስሏትም። ቀኑን ሙሉ ቆማ ጠርሙስ ካርቶን ውስጥ ስትከት ውላ፣ ባጃጅ አጥታ፣ የሱሉልታን ዳገት በእግሯ ወጣችው። እናቷ ማሪቱ በር ላይ ጠበቀቻት።

«እሁድ ሽማግሌ ይመጣል። ከቡራዩ፣ የፈቀደ ሰዎች።»

«እሺ።»

«እሺ ምን ማለት ነው?»

«ደክሞኛል እማዬ።»

ፈቀደ ቡራዩ ውስጥ የብረት በር ይሠራል። ክፉ ሰው አይደለም። ሁለቴ አግኝታዋለች፤ ሁለቴም ያወራው ስለ በር ነው።

ጓሮ ያለችውን ሰርቪስ ቤት የተከራየው ሶያማ ደግሞ ስለ ሸረሪት ነው የሚያወራው። ከደቡብ የመጣ ጴንጤ ነው፤ ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍናል። ለማስተርሱ ሱሉልታ ውስጥ በብዛት የሚገኙትን ሸረሪቶች እየለየ ይመዘግባል። የገባ ዕለት ማሪቱ መጥረጊያ ይዛ ድር ልታወርድ ስትል «እትዬ፣ እባክዎ፣ እሷን ይተዉልኝ!» ብሎ ጮኸ። ፀዲ ያን ቀን ሳቀች። ከዚያ ወዲህ ከሥራ ስትመለስ ደጃፉ ላይ በርጩማ ስባ ትቀመጣለች፤ ጫማዋን ታወልቃለች፤ እሱ ሸረሪት ያለበትን ብልቃጥ ያቀብላታል።

«ይቺስ?»

«ፊት ለፊት ሁለት ትልልቅ ዓይን አላት። ዘላይዋ።»

«ይቺኛዋ?»

«እንቁላሏን ቂጧ ላይ ተሸክማ የምትሮጠው። እንደኔ እረፍት የላትም።»

አርባ አንዱን ለይቶ ጨርሷል። የቀረው ጠርሙስ ውስጥ ያለው አንድ ወንድ ሸረሪት ነው። ሸረሪት ካላደገ አይለይም ብሏታል። የመጨረሻ ቆዳውን ሲጥል ከአፉ ጎን ያሉት አጫጭር እጆቹ ጫፋቸው ያብጣል፣ የቦክስ ጓንት ያጠለቀ ይመስላል፤ ያኔ ስሙ ይታወቃል። ያኔ ሶያማም ሥራው አልቆ ይሄዳል። በየቀኑ ትጠይቀዋለች። በየቀኑ «ገና ነው» ይላታል።

ያን ዓርብ ሳይመሽ፣ ሶያማ ውሃ ሊያመጣላት ገባ ሲል፣ ጠርሙሱን አንስታ በማጉያ መስታወቱ አየችው። ጓንቶቹን አጥልቋል። የጣለው ቆዳ ከሥር ደርቆ አቧራ ለብሷል።

«ሶያማ።»

«አቤት።»

«ይሄ ካደገ ስንት ቀኑ ነው?»

ብርጭቆውን ይዞ በሩ ላይ ቆመ።

«አስራ ስድስት።»

«ዛሬ ጠዋት ገና ነው አላልከኝም?»

«ካለቀ ምን ብዬ እቀመጣለሁ?»

መቆጣት ነበረባት። ለመቆጣት ግን ጉልበት ይጠይቃል። ውሃውን ተቀብላ ጠጣች።

«እሁድ ሽማግሌ ይመጣል።»

«ሰምቻለሁ። ግድግዳው ስስ ነው።»

«ሰምተህ ሸረሪት ትቆጥራለህ?»

«እናትሽ ለጴንጤ ልጄን አልሰጥም ይላሉ።»

«ትላለች። እንድትል ግን መጀመሪያ ትጠየቅ።»

«እዚህ ማን አለኝ የምልከው?»

«ኦቦ ቢቂላ አሉ። አጥር ለአጥር ነን፤ እማዬ እሳቸውን አታሳፍርም። ነገ ቅዳሜ ነው ሶያማ። እኔ እየዞርኩ ሰው አልለምንልህም።»

ጫማዋን አንጠልጥላ ወደ ቤት ገባች።

ቅዳሜ ጠዋት ኦቦ ቢቂላ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ሁለት ሽማግሌ አስከትለው በሩ ላይ ቆሙ።

«አካም ቡልተን፣ ማሪቱ?»

«ውይ በሞትኩት! ነገ ነው የተባልኩት፣ ቤቱም አልተጠረገ!»

«የነገዎቹ ሌሎች ናቸው» አሉ ኦቦ ቢቂላ። «እኛ ለጓሮው ልጅ ነው የመጣነው።»

ማሪቱ ወደ ጓሮ አየች። ሶያማ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሶ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ወደ ልጇ ዞረች።

«አንቺ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ።»

«ወደሽዋል?»

«ወድጄዋለሁ እማዬ።»

ሽማግሌዎቹ ቆመው ቀሩ። አማላጅ በገዛ እጁ አይቀመጥም፤ የቤቱ እመቤት ቁጭ በሉ ካላለች መልሱ ታውቋል፣ ተመልሶ መሄድ ነው። ኦቦ ቢቂላ ከዘራቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ።

«በሃይማኖቱ ነገር ገና እንጣላለን» አለች ማሪቱ በመጨረሻ፣ ሰው ሁሉ ያደከማት ይመስል።

አግዳሚውን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው።

«ቁጭ በሉ።»