የተበሳው ብር

አልፊያ ጀይሉ የጀማልን የመጨረሻ ዝምታ ንቀት ነው ብላ ስታምን ከረመች። ኋላ ለእህቱ ለሃጂራ እንደተናዘዘችው፣ ያን ቀን ብሩን ከመዳፏ አንሥቶ አገላብጦ ካየው በኋላ መልሶ ሲያስጨብጣት፣ የተመለሰው ብሩ ብቻ አልመሰላትም፤ ራሷም አብራ የተመለሰች መሰላት። ሰው የሌላውን ዝምታ ሲያነብ ብዙውን ጊዜ የሚያነበው የራሱን ፍርሃት ነው። አልፊያ ይህን የተረዳችው ጀማል ሊያርማት ወደማይችልበት ከሄደ በኋላ ነበር።

አባቷ ጀይሉ አንጥረኛ ነው። ከኮልፌ አጠና ተራ ጀርባ፣ የባሕር ዛፍ ግንድ ሲሰነጠቅ ከሚውልበት ግቢ አጠገብ፣ ከቆዳ ነጋዴው ከሐጂ አህመድ የተከራያት ከኋላዋ መኖሪያ ጓዳ ያላት ባለ አንድ መስኮት ሱቅ ነበረችው። ችግር የጠናበት ሁሉ ከቤቱ ያቆየውን አሮጌ ብር ያመጣለታል፤ ጀይሉ በሚዛን ይገዛና አቅልጦ አምባርና ጉትቻ ያደርገዋል። ሚስቱ ከሞተች፣ ዓይኑም ከደከመ ወዲህ ወናፉን የምትነፋው አልፊያ ናት፤ በሞረድ የምታስተካክለው፣ ረቂቁን ሐረግ የምትቀርጸውም እሷው። ገዢው ግን «የጀይሉ እጅ አይለወጥም» እያለ ነበር የሚወስደው።

እሑድ እሑድ፣ ብሮቹ ወደ እሳት ከመግባታቸው በፊት፣ ሰብሳቢዎች ይመጣሉ። አሮጌ ብር የሚሰበስብ ሁሉ አንድ ዓይነት ሰው የሚመስለው አብሯቸው ያልዋለ ነው። ከፍርድ ቤት በጡረታ የወጣው ጸሐፊ ዘመን አሳዳጅ ነበር፤ ከተከታታዩ መካከል አንድ ዓመተ ምሕረት ከጎደለው እህል አይወርድለትም፣ ያገኘው ዕለት ደግሞ ያን ብር ዳግመኛ አያየውም። አንድ መምህርም ነበር፣ የሚሰበስበው ብሩን ሳይሆን ወሬውን፤ ብሩን በእጁ ይዞ ስለ ነገሥታት ሲተርክ ይቆይና ሳይገዛ ይሄዳል።

ሐጂ አህመድ ከሁሉም የተለየ ነው። እሱን የሚያስደስተው በእጁ የያዘው ነገር አልነበረም፤ በሌላው እጅ አለመኖሩ ነው። አንድ ዓይነት ሁለት ብር ካጋጠመው ሁለቱንም ይገዛል፤ የተሻለውን ወደ ካዝናው ያስገባና ሌላውን ወደ ጀይሉ እሳት ይጥለዋል፤ እስኪቀልጥም ቆሞ ያያል። ሚስቱን ከቀበረ ወዲህ ፊቱ የሚፈታው ያን ጊዜ ብቻ ነበር።

ጀማል የመጣው በ1965 ዓ.ም. የበልግ ዝናብ አባሮት ነው። አየር ጤና ካለች አንዲት ክሊኒክ የሚሠራ ድሬሰር መሆኑን ሲናገር ጀይሉ ወዲያው «ዶክተር» አለው፤ ስሙ ሆኖ ቀረ። እየተንጠባጠበ ሚዛኑ አጠገብ የተከመሩትን ብሮች ሲያይ ቆየና፦

«ጋሽ ጀይሉ፣ የተበሱትን አያቅልጡብኝ። እኔ እገዛዎታለሁ» አለ።

«የተበሱትን? ዶክተር፣ ሰው ሁሉ የሚለምነኝ ያልተበሳውን ነው።»

እውነቱን ነው። ብር የሚበሳው ለሴት አንገት ነው፤ ክር ገብቶበት ደረት ላይ ይውላል። በሰብሳቢ ዘንድ ግን ቀዳዳ ያለው ብር ሬሳ ነው፤ ከክብደቱ በቀር ዋጋ የለውም። አልፊያ ከወናፉ ጀርባ ሳቀች።

«ምን ያስቅሻል?» አላት ጀማል።

«መድኃኒት ቤት ገብቶ ጊዜው ያለፈበትን ስጡኝ የሚል ሰው አይቼ አላውቅም።»

ጀማል ለአፍታ አመነታ። «ያለፈበት ርካሽ ነዋ» አለ። «የድሬሰር ደመወዝ ሙሉ ብር ይገዛል እንዴ?»

አልፊያ መልሱን እንዳለ ተቀበለችው። ጥፋቱ ሁሉ የበቀለው ከዚህች ቀልድ ነው።

ከዚያ ወዲያ ጀማል ዝናብ ኖረም አልኖረም ይመጣ ጀመር። በረንዳው ላይ በዱካ ተቀምጦ የተበሱትን ብሮች አንድ በአንድ በአውራ ጣቱ ይዳስሳል፤ የደም ሥር የሚፈልግ ይመስላል። ዓይኑ ግን ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው አልፊያ አንገት ላይ ነበር። በጥቁር ክር የታሰረ የእናቷ ብር እዚያ አለ። ግራ እግሩን ያነሣ አንበሳ ያለበት የምኒልክ ብር ነው። የንጉሡ ፊት ወደ ውስጥ ዞሮ ስለኖረ ከእናቷ ገላ ጋር ሲተሻሽ ተፍቆ ጠፍቷል፤ ወደ ውጭ የዞረው አንበሳ ግን ትናንት የተቀረጸ ነበር የሚመስለው።

«ምኑን ነው እንዲህ የምታየው?» አለችው አንድ ቀን።

«አንበሳውን።»

«አንበሳው መልሶ አያይህም። ወደ ላይ ትንሽ ከፍ ብትል የሚያይህ ሰው አለ።»

ጀማል ዓይኑን ወደ እጁ ሰበረ። ከዚያ ቀና አለ። ሁለቱም ጀይሉ እስኪስል ድረስ ተያዩ።

ሐጂ አህመድም ያንኑ ብር ያያል፤ አስተያየቱ ግን ጥርሱን የሚያመው ሰው አስተያየት ነበር። «የእኔ ስብስብ የጎደለው ይኸው ነው» ይል ነበር። «ይህን የበሳች እጅ ምነው በተሰበረች።»

«የበሳሁት እኔ ነኝ» አለ ጀይሉ ሚዛኑን እየጠራረገ። «ለሠርጋችን።»

«እንግዲያው ያበላሸኸው አንተ ነሃ» ብሎ ሐጂው ሳቀ። ጀይሉ አብሮ ሳቀ። አልፊያ የአባቷን ሳቅ ሰምታ አንገቷን ደፋች። ሐጂው ወደ ጀማል ዞረ፤ «አንተስ ድሬሰሩ? ጥርሱ ያለቀ ከብት የሚገዛ ሰው ትመስለኛለህ።»

«ሐጂ፣ እርስዎ ላሟን የሚገዙት ጎረቤት እንዳያልባት ነው» አለ ጀማል። ጡረተኛው ጸሐፊ ሳቁን በሳል ሸፈነ። ጀማል ግን ለምን የተበሳ እንደሚሰበስብ ያን ቀንም አልተናገረም።

በ1966 ዓ.ም. መግቢያ ከወሎ የሚሰማው ወሬ ከፋ። የረሃብተኞች መጠለያ ሠራተኛ ስላጠረው ከየክሊኒኩ ሰው ተመደበ፤ ጀማልም ደረሰው።

«ስመለስ ሽማግሌ እልካለሁ» አላት። «ጋሽ ጀይሉ ምን ይሉ ይሆን?»

«ዶክተር ስለሚሉህ እምቢ ለማለት ያፍራሉ።»

ከመሄዱ በፊት የምትሰጠው ነገር ስትፈልግ ከእናቷ ብር በቀር ምንም የላትም። ግን የተበሳ ነው። ይህ ሰው ዕድሜውን ሙሉ አቅሙ የፈቀደለትን ጉድለት ሲለቅም ኖሯል፤ አንድ ቀን እንኳ ሙሉ ነገር በእጁ ይግባ ብላ አሰበች። አባቷ ለጁምዓ ሶላት በወጣበት ሰዓት ክሩን በጠሰች። ከሌላ ብር ቁራጭ ቆርጣ በቀዳዳው ልክ ሞረደች፤ ወትፋ በእሳት አጣበቀችው። ጠርዙን አስተካከለች። ከዚያ በአመድና በሎሚ አሸችው፤ የእናቷ ላብና ቅቤ ዓመታት የጋገሩት ጥቁረት በውኃው ታጥቦ ወረደ። ብሩ ቦግ ብሎ በራ። በሕይወቷ እንደዚያ ያማረ ሥራ ሠርታ አታውቅም።

አሥራ ስምንት ማዞሪያ፣ ፌርማታው አጠገብ፣ በመዳፉ ላይ አኖረችለት።

ጀማል አየው። አገላበጠው። አውራ ጣቱ ቀዳዳው የነበረበትን ቦታ ፈለገ፤ አላገኘም።

«ማን ሠራው?»

«እኔ። የት እንደነበር እንኳ አይታወቅም። አሁን ሙሉ ነው፣ ላንተ ብዬ ነው።»

ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ቃል ግን አልወጣውም። ፊቱ በሽተኛ አልጋ አጠገብ ቆሞ ለቤተ ዘመድ የሚናገረው የጠፋው ሐኪም ፊት ሆነ። አውቶቡሱ መጣ። ጀማል ብሩን መልሶ መዳፏ ውስጥ አስቀመጠና ጣቶቿን አንድ በአንድ አጠፈላት።

«አንቺ ዘንድ ይቆይ» አለ፤ ተሳፈረም።

ወደ ቤቷ በእግሯ ተመለሰች። ድፋኑ አሳፍሮታል ብላ አሰበች፤ ሙሉ የማይገዛ ድሃ መሆኑን በሰው ፊት የነገርኩት መስሎት ንቆኛል። ወይም የፈለገው እኔን ሳይሆን ብሩን ነበረ፣ እኔ ደግሞ አበላሸሁት። ሁለቱም ሐሳብ እኩል መረራት። ከወሎ ምንም አልመጣም። ጥርጣሬዋ ሳምንት በሳምንት እየጠነከረ እምነት ሆነ።

ሐጂ አህመድ፣ ክር ስለማይገባበት ሚዛኑ ላይ የተጣለውን የተደፈነ ብር ያየው በታኅሣሥ ነው። ወደ ብርሃን ወሰደው፣ በጥፍሩ ፈተገው፣ በአጉሊ መነጽር ደጋግሞ መረመረው።

«የተደፈነ መሆኑን ያውቃሉ?» አለች አልፊያ።

«አውቃለሁ። ግን ማን ያየዋል? ያልታየ ቀዳዳ ቀዳዳ አይባልም።» ከዚያ ዓይኑን ከብሩ ወደ እሷ አዞረ። ዓይኑ ግን አልተለወጠም፤ ያው ነበር።

በሳምንቱ ለጀይሉ ብሩንም ልጅቱንም ጠየቀ። ሱቋም ከእንግዲህ ኪራይ እንደማይጠየቅባት አከለ። ጀይሉ ለልጁ ነገራት፤ አልፊያ መልስ አልሰጠችም። በደጉ ልማድ ያላገባች ልጅ ዝምታ እሺታ ነው፤ ጀይሉም ይህንኑ ይዞ ለሐጂው ቃል ሰጠ። እሷም አላረመችውም። የተናቀ ሰው የት ቢወድቅ ምን ልዩነት አለው ትል ነበር በልቧ።

የጋብቻው ውል፣ ኒካሁ፣ የተቆረጠው ለየካቲት ነው። ዕለቱ ሲደርስ የታክሲ ነጂዎች አድማ መትተው መንገዱ ጭር ብሎ ዋለ። ረፋዱ ላይ አንዲት ሴት ከአየር ጤና በእግሯ መጥታ፣ ጫማዋ አቧራ ለብሶ፣ የብስኩት ቆርቆሮ በነጠላዋ አቅፋ ከሱቁ ደጃፍ ቆመች።

«አልፊያ አንቺ ነሽ፣ እህቴ? ሃጂራ እባላለሁ። የጀማል እህት ነኝ።»

አልፊያ ከፊቷ ሁሉንም አነበበች። «መቼ?» አለች።

«በጥር። የተስቦ በሽተኞች ሲያክም ያዘው። እዚያው ቀበሩት።» ሃጂራ ቆርቆሮውን አስቀመጠች። «ይህችን ሲሄድ እኔ ዘንድ አኖራት። ካንቺ በቀር የሚገባት ሰው የለም።»

በውስጡ ብሮች ነበሩ። ሁሉም የተበሱ ናቸው፤ ሁሉም የጠቆሩ። እያንዳንዱ በወየበው የድሮ ክሩ እንደታሰረ ነው፣ አንዱም አልታጠበም። ክዳኑ ሲነሣ የማያውቋቸው የብዙ ሴቶች አንገት ሽታ ወጣ።

«ርካሽ ስለሆነ ነበር የሚሰበስበው» አለች አልፊያ በቀሰስታ።

«እንዲያ አለሽ?» በሃጂራ ፊት ላይ ፈገግታ የሚመስል ነገር አለፈ። «እናታችን የአንገቷን ብር ሸጣ ነው ትምህርት ቤት ያስገባችው። ብሩ ሳይመለስላት ሞተች። ከልጅነቱ ጀምሮ የተበሳ ብር ባየ ቁጥር የእሷ ይሆናል ብሎ ይገዛል። እንደማያገኘው ካወቀ በኋላም ማቆም አቃተው። የሴት ዕድሜ ያለፈበት ብር እንዴት እሳት ይግባ ይለኝ ነበር። ለሰው ግን አይናገርም፤ ያፍራል።»

አልፊያ ተቀመጠች።

«ካንቺ ተለይቶ ሊሰናበተኝ የመጣ ቀን እህል አልቀመሰም» አለች ሃጂራ። «‹ለእኔ ብላ የእናቷን ቀዳዳ ደፈነችው፤ እውነቱን ደብቄያት ነው፣ ምን ብዬ ልንገራት? ስመለስ ሁሉንም እነግራታለሁ› አለኝ።»

«እኔ የናቀኝ መስሎኝ» አለች አልፊያ። «አምስት ወር ሙሉ ስረግመው ነበር።»

ከዚያ በኋላ አለቀሱ። ሃጂራ ቀድማ ተነሥታ፣ ግንባሯን ስማት፣ በመጣችበት መንገድ በእግሯ ተመለሰች።

አልፊያ ወደ ውስጥ ገባች። ለሙሽራው ተብሎ በቀይ ከፈይ የተጠቀለለውን ብር ፈታ ከመቀጥቀጫው መስፍ ላይ አኖረችው። መብሻውን አነሣች። ድፋኑን የሚያውቀው እጇ ብቻ ነውና ሳትሳሳት በመሐሉ ተከለችው። መዶሻው ሲያርፍ የወተፈችው ቁራጭ ተወርውሮ አመዱ ውስጥ ወደቀ።

ጀይሉ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። አየ፤ ምንም አላለም። አልፊያ ይህን ዝምታ ልትተረጉም አልሞከረችም።

«አባባ፣ ዝም ያሉት ተቆጥተው ነው?»

«አይደለም» አለ ጀይሉ ቆይቶ። «እናትሽ ትዝ አለችኝ። በዚሁ መብሻ ነው የበሳሁላት።» አንገቱን ወደ ሱቁ አዞረ። «ሐጂ ግን ያስወጣናል።»

«አውቃለሁ።»

«እኔ ዓይን የለኝም፣ ልጄ።»

«እኔ አለኝ።»

ሽማግሌዎቹ ከሐጂ አህመድ ጋር፣ ታክሲ ስላጡ ዘግይተው፣ በላብ ተጠምቀው ደረሱ። ከደጅ አረፍ ካሉ በኋላ ሁለቱ ምስክሮች እንደ ደንቡ ወደ ጓዳው በር ቀርበው፣ ከመጋረጃው ወዲያ ሆነው ጠየቋት።

«ልጃችን አልፊያ፣ ለሐጂ አህመድ እንዲድሩሽ ለአባትሽ ውክልና ትሰጫለሽ ወይ?»

አልፊያ ጥቁሩን ክር ከማጅራቷ ላይ እየቋጠረች ነበር። ከመጋረጃው ማዶ አንደኛው ሽማግሌ «እንግዲህ ዝምታዋ...» ብሎ መናገር ጀመረ።

አልፊያ መጋረጃውን ገልጣ ወጣች። የተበሳው ብር ደረቷ ላይ ነበር። በሁለቱ ምስክሮችና በአባቷ ፊት ቆማ፣ ደጅ የተቀመጠው ሐጂ አህመድ በሚሰማው ድምፅ፣ እንደማትፈቅድ ተናገረች።