በ38 የሚያልቀው ቁጥር

ድሬዳዋ በቀትር ትተኛለች። ስድስት ሰዓት ሲሆን ሱቆቹ የብረት በራቸውን ያወርዳሉ፣ ባጃጆቹ ዛፍ ጥላ ሥር ይሰበሰባሉ፣ የጤና ጣቢያው የካርድ ክፍል መስኮትም ይዘጋል። ከመስኮቱ ጀርባ ዘጠኝ ዓመት የተቀመጠችው እታፈራሁ የታካሚዎቹን ካርዶች በየቁጥራቸው ትመልሳለች፣ ፊቷን በቀዝቃዛ ውኃ ትታጠባለች፣ ምሳዋንም እዚያው ጠረጴዛዋ ላይ ትበላለች። የዚያን ቀን ግን የምሳ ዕቃዋን አልከፈተችም። ጠዋት ከአዲስ አበባ ደውለውላት ነበር። ከውጭ የሚመጡት የልብ ሐኪሞች የስድስት ዓመት ልጇን ውዳሴን እንዲያክሙላት ተራ ደርሷታል፤ ነገር ግን በኢሜይል የተላከላትን ደብዳቤ ከፍታ «እንቀበላለን» ብላ እስከ ስምንት ሰዓት ካልመለሰች ተራው ለሚቀጥለው ልጅ ያልፋል።

«አሁን በስልክ ከነገርኩሽ አይበቃም፣ እህቴ?» ብላ ነበር።

«እኔ ብሰማሽ ኮምፒውተሩ አይሰማሽም። ሰዓቱ ሲደርስ ራሱ ነው የሚሰርዘው» አለቻት የደወለችላት ነርስ።

የድሮ ስልኳ ከትናንት በስቲያ የውኃ ባልዲ ውስጥ ወድቆ ተበላሽቷል። አዲሱ ላይ የይለፍ ቃሏን ስታስገባ «እርስዎ መሆንዎን እናረጋግጥ፤ በ38 ወደሚያልቀው ስልክ ኮድ ልከናል» የሚል ጽሑፍ መጣ። የእሷ ቁጥር በ38 አያልቅም። «ሌላ መንገድ ይሞክሩ» የሚለውን ነካች። የትራፊክ መብራት ያለባቸውን ሥዕሎች አስመረጣት፤ አንድ በአንድ ለቅማ ስትጨርስ መልሶ እዚያው በ38 የሚያልቀው ቁጥር ላይ ጣላት። ሦስት ጊዜ ዞረች፣ ሦስት ጊዜ እዚያው ተመለሰች። በአራተኛው ላይ ቁጥሩ የማን እንደሆነ ትዝ አላት።

ከሰባት ዓመት በፊት ኢሜይሉን የከፈተላት መጋላ ሰፈር ውስጥ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት የነበረው ጋሽ ደባልቄ ነው። ያን ጊዜ ብዙው ሰው እንዲህ ነበር። ለፓስፖርትም ሆነ ለሥራ ማመልከቻ ኢሜይል ያስፈለገው ጽሕፈት ቤት ይሄዳል፣ ጸሐፊው ይከፍትለታል፣ ስልክ ቁጥር ሲጠየቅም ለጊዜው ብሎ የራሱን ይሞላል። ለጊዜው የተባለው እዚያው ቀርቶ ኖሯል። ሙሉ ቁጥሩን ስለማታውቀው በእግሯ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ወጣች።

መንገዱ ላይ ሰው አልነበረም። እናቷ በልጅነቷ በቀትር ብቻዋን እንዳትወጣ ይከለክሏት ነበር፤ ያ ሰዓት የሰው አይደለም ይሉ ነበር። አስፋልቱ ከጫማዋ ሥር ይለሰልሳል፣ የተዘጉት የብረት በሮች በሙቀቱ እየተወጠሩ አልፎ አልፎ ጧ ይላሉ፣ ከየግቢው ውስጥ የውሻ ድምፅ እንኳ አይሰማም። ታናሽ እህቷ ብዙአየሁ ደወለች።

«እትዬ፣ ከፈትሽው?»

«እየሄድኩ ነው። እንዴት ናት?»

«ያው ነች፣ ትንፋሿ ያፏጫል። ከንፈርሽ ጠቆረ ብላት ‹ሊፕስቲክሽን ሰርቄ ነው› ብላ አሾፈችብኝ። ብቻ ቶሎ በይ።»

የጽሕፈት ቤቱ በር እስከ ግማሽ ወርዷል። ጎንበስ ብላ ገባች። ከዚያ ሁሉ ብርሃን በኋላ ዓይኗ መጀመሪያ ምንም አላየም፤ የጋለ ፕላስቲክ ሽታ ብቻ፣ ከሱም ሥር ብዙ ቀን ሳይሰጣ የከረመ እርጥብ ጨርቅ የመሰለ ሌላ ሽታ። ቆይቶ ግድግዳው ታያት። ኮምፒውተር የሚባል የለም። ከጣሪያ እስከ ወለል አሮጌ ስልኮች በቻርጀር ገመዳቸው ተንጠልጥለዋል፤ አንዱ ይበራል፣ ይርገበገባል፣ ይጠፋል፣ ሌላው ይቀጥላል፤ ድምፃቸው ጠርሙስ ውስጥ የተዘጋበት ዝንብ ይመስላል። አግዳሚው ላይ ሽርጥ ያሸረጡ ሽማግሌ ስልካቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ፈገግ ብለው ተቀምጠዋል።

«ተራ ይዘው ነው፣ አባባ?»

«እንጃ ልጄ» አሉ፣ ፈገግታቸው ሳይለወጥ።

«ሰባት ዓመት ዝም ብለሽ ዛሬ ትዝ አልኩሽ?» አለ ከባንኮኒው ጀርባ ያለው ጨለማ። እጆቹ ብቻ ይታያሉ፤ ጣውላው ላይ ተዘርግተው።

«ጋሼ፣ ልጄ ታማብኝ ነው። የሚመጣውን ኮድ ብቻ ያንብቡልኝ።»

«አንቺ መሆንሽን በምን አውቃለሁ?»

«እታፈራሁ ነኝ! የከፈቱልኝ እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

«ስም ማንም ይጠራል። ፊደል ያስቆጠረሽ ማን ነው?»

ያኔ ኢሜይሉን ሲከፍት የምሥጢር ጥያቄ አድርጎ አስሞልቷት ይሆናል ብላ አሰበች። «የኔታ ወልደ ሰንበት።»

«ወልደ ሰንበት» አለ፣ ከረሜላ አፉ ውስጥ እንደሚያሟሟ ሰው። ከዚያ ኮዱን ማንበብ ጀመረ፤ ስምንት... ዜሮ... በእያንዳንዱ ቁጥር መካከል አንድ ረጅም ትንፋሽ እየሳበ። ስድስተኛውን ስትነካ «የኮዱ ጊዜ አልፏል» አላት።

«ፈጠን ይበሉ እንጂ!»

«እኔን አታጣድፊኝ። በልጅነትሽ ግቢያችሁ ውስጥ ምን ዛፍ ነበር?»

«ዘይቱን። ጉድጓዱ አጠገብ።»

የበሰለ ዘይቱን ሽታ ክፍሉን ሞላው፤ ጨለማው ውስጥ አንድ ሰው ለሁለት የፈለጠው ያህል። አዲስ ኮድ እያነበበላት ስትነካ ደንግጣ ቀና አለች፤ ጣቷም ሳተ። «ኮዱ ትክክል አይደለም። የቀረዎት አንድ ሙከራ ብቻ ነው።» ሰባት ሰዓት ከአርባ ሆኗል።

ከባንኮኒው ጀርባ በለሆሳስ ዜማ ተጀመረ። «ሀ... ሁ... ሂ...» ሂን በአፍንጫ እየጎተተ፣ እያረጀ በሄደ የሽማግሌ ድምፅ። ይህን ድምፅ የሆነ ቦታ ሰምታዋለች። የማን ነበር?

«የመጀመሪያውን ድገሚልኝ» አለ ዜማውን አቋርጦ። «ፊደል ያስቆጠረሽን።»

አፏን ከፈተች። የጠዋት ፀሐይ ነበር፣ ቀጭን አርጩሜ ነበር፤ ስሙ የነበረበት ቦታ ግን ጥርስ እንደተነቀለበት ድድ ባዶ ነው። «ቅድም ነገርኩዎት እኮ።»

«እኔማ አውቀዋለሁ። የጠየቅኩት አንቺን ነው። እሺ፣ ዛፉንስ?»

«የቱን ዛፍ?»

እጆቹ ጣውላው ላይ ቀስ ብለው ተሰበሰቡ። ሽማግሌው አግዳሚው ላይ ለስልካቸው ፈገግ ይላሉ። በበሩ ሥር ነጭ ብርሃን ይታያል፤ አምስት እርምጃ ቢሆን ነው። ስልኳ ነዘረ።

«እትዬ፣ ምን ሆነሽ ነው? ትንፋሿ እያጠረ ነው፣ ወላዲተ አምላክን! ሰዓቱ ሊደርስ ነው!»

ሰባት ሰዓት ከአምሳ። «የመጨረሻውን ይጠይቁኝ» አለች።

«ከሁሉ አብልጠሽ የምትወጂው ማንን ነው?»

ምን እየተወሰደባት እንደሆነ አሁን ገባት። ግን ሌላው ሁሉ ቢሄድ፣ ዘጠኝ ወር የተሸከመቻት፣ ስድስት ዓመት ሙሉ ትንፋሿን ስትቆጥር ያደረችላት ልጅ ስም በአንድ ቃል ከአፏ ወጥቶ እንዴት ይቀራል? እናት ይህን አትረሳም።

«ውዳሴ» አለች። «ልጄ ውዳሴ።»

በዚህ ጊዜ ኮዱን በአንድ ትንፋሽ አነበበው። ነካች። ኢሜይሉ ተከፈተ።

ከባንኮኒው ሥር፣ ከትንሽ ልጅ ቁመት ከማይበልጥ ቦታ፣ የሚያፏጭ አጭር ትንፋሽ ይሰማል። ጋሽ ደባልቄ የታመመ የልጅ ልጅ ሳይኖረው አይቀርም ብላ አሰበችና አዘነች። ከዚያ ደብዳቤውን አነበበች፤ ያልገባት ነገር ስለነበር ደግማ አነበበችው። የአንዲት የስድስት ዓመት ሕፃን የልብ ሕክምና ነው። የማን ይሆን፣ እናቷ ይሄኔ በጭንቀት ትሞታለች፣ አለች በሆዷ። «ይህችን ልጅ አላውቃትም፤ ደብዳቤው የደረሰኝ በስሕተት ነው» ብላ መለሰች፤ ስምንት ሰዓት ሳይሞላ በመላኳም ተራው ሳይባክን ለሌላ ልጅ እንደሚደርስ እያሰበች፣ ደስ ብሏት ወደ ፀሐዩ ወጣች።