የኋላው ቸርኬ

«ቀላሉ ይጥልሃል።»

«ከባዱስ?»

«ከባዱ ያስቀርሃል።»

ሰብሪያ ይህን የሰማችው ስድስት ዓመቷ ሳለ፣ አየር ጤና ባለው የአባቷ የብስክሌት መጠገኛ ውስጥ ጠረጴዛ ሥር ተቀምጣ ነው። ከተናጋሪዎቹ አንዱ አባቷ አቶ ሰይፈዲን እንደነበሩ ታውቃለች። ሌላው የፒያሳ ጣሊያን ይሁን ከአስመራ የመጣ ተወዳዳሪ፣ የትኛው ጠይቆ የትኛው እንደመለሰ አሁን አታስታውስም። በመጨረሻ አንደኛው የሳቀ ይመስላታል፤ ምናልባትም ያሳለ። ጎማ ስለሚለብሰው ቸርኬ ያወሩ እንደነበር ግን እርግጠኛ ናት። በዚያ ቤት ስለ ሌላ ነገር ብዙም አይወራም።

አሁን ዘመኑ ሺህ ዘጠኝ መቶ ስልሳ ሦስት ነው፤ እሷም አሥራ አምስት ሞልቷታል። በጥር ወር አንድ ቅዳሜ ረፋድ በዛብህ ያንኑ ክርክር ይዞ መጣ።

በዛብህ ጎረቤታቸው፣ የወይዘሮ ወለተጻድቅ ልጅ ነው፤ አሥራ ስምንት ዓመቱ። በማግስቱ ከአየር ጤና ሰበታ ደርሶ መልስ የብስክሌት ውድድር አለ፤ እሱም ተመዝግቧል። አንድ የከተማ ክለብ ቀድመው የገቡትን አራት ልጆች ሊወስድ ነው። የተወሰደ ልጅ ብስክሌት ይሰጠዋል፣ በክለቡ መጋዘንም ሥራ ይገባል። አባት ለሌለው ልጅ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

አቶ ሰይፈዲን ሁለት ጥንድ ቸርኬ ከግድግዳው አወረዱ። የአንደኛው ጥንድ ቸርኬ ብረት ነው፤ ጎማው ወፍራም፣ ከተጣበቀም ወር ያለፈው። የሁለተኛው ቸርኬ አሉሚኒየም ነው፤ ሰብሪያ በአንድ ጣቷ ታነሳዋለች። ከእሱ ጋር የሚሄዱት ጎማዎች ገና አልተገጠሙም። ቱቦላሬ ይሏቸዋል፤ ነፋስ የሚሞላው ካላማዳሪያ ውስጣቸው ገብቶ በክር የሚሰፉ፣ ቸርኬው ላይ በማስቲሽ ብቻ የሚያዙ የእሽቅድምድም ጎማዎች። ክራቸው ሐር ነው። አባቷ ሁለት ዓመት ሙሉ ጓዳ ውስጥ በጨርቅ ሸፍነው፣ ብርሃን ሳይነካቸው አቆይተዋቸዋል። የሐር ጎማ ሲቆይ ይበስላል ይላሉ።

«ይኼኛው» አለ በዛብህ፣ ቀላሉን ቸርኬ አንስቶ እያሽከረከረ።

«እሱ ለጥሩ አስፋልት ነው። ካራ ቆሬ ቁልቁለት ላይ ጠጠር አለ። ብረቱን ውሰድ።»

«ጋሼ፣ ጠጠሩ ላይ ላልፍ ነው እንጂ ልተኛበት ነው እንዴ?»

በር ላይ የተኮለኮሉት ልጆች ሳቁ። አብሮት የሚወዳደረው የክፍል ጓደኛው ጀላል «ከወደቅክ ሰዓትህን እኔ ነኝ የምወርሰው» አለ።

«የምን ሰዓት? መቼ አለኝና?»

«እንግዲያው አትውደቅ፤ ምንም አላተርፍም።»

አቶ ሰይፈዲንም ፈገግ አሉ። «እኔ ነግሬሃለሁ፤ እነዚህም ሰምተዋል። ካልክ ግን እገጥምልሃለሁ። ከእጄ የወጣ ጎማ ወልቆ አያውቅም።»

ማስቲሽ ሦስት ጊዜ ነው የሚቀባ። ቸርኬው ይቀባል፣ የጎማው ሆድ ይቀባል፣ ይደርቃል፤ ይደገማል፤ ይሠለሳል። ከዚያ ጎማው ተስቦ ይገጠማል። የአባቷ ዓይን ከደከመ ወዲህ ስፌቱም ቅቡም የሰብሪያ ሥራ ነው። የፊተኛውን ጨርሳ ቆርቆሮውን ስትገለብጠው ከታች የቀረው ለአንድ ቅብ እንኳ የሚበቃ አልነበረም።

«አባባ፣ ማስቲሹ አልቋል።»

አባቷ ወደ በሩ ተመለከቱ። ማስቲሽ የሚገኝበት የፒያሳው ሱቅ ቅዳሜ ከሰዓት ዝግ ነው። «የኋላውን ብረት እንግጠምልህ» ቢሉት ነገሩ ያልቅ ነበር። በዛብህ ግን ውጪ ቆሞ ለልጆቹ ስለ ሐር ጎማው እያወራ ነበር፤ እሳቸውም ቃላቸውን በሰው ፊት ሰጥተዋል።

«ቤንዚን ጠብ አድርጊበትና ዘርጊው» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ይይዛል?»

«ይይዛል፣ ይይዛል።»

ቤንዚን ጨመረችበት። ማስቲሹ ቀጠነ፤ ብሩሹ ላይ ተንሸራተተ። ሦስት ጊዜ ቀባችው። ሲያዩት ያበራል፤ ከፊተኛው የማይለይ ነበር።

አባቷ ከሶላት በፊት ጣታቸው ላይ የደረቀውን ማስቲሽ በምላጭ መፋቅ ልማዳቸው ነው። ማስቲሽ ባለበት ውሃ ቆዳ አይነካም፤ ውሃ ያልነካው ቦታ ካለ ደግሞ ውዱእ፣ የሶላቱ መታጠብ፣ አይሞላም። አንዳንድ ቀን ደም እስኪወጣቸው ይፍቃሉ። ያን ቀን የኋላውን ጎማ ስበው ገጥመው ለዐስር ሶላት ሊታጠቡ ሲቀመጡ ግን፣ ማስቲሹ በሳሙና ብቻ ተጠርጎ ሄደ። ምላጩን በእጃቸው እንደያዙ ጣቶቻቸውን አገላብጠው አዩ። ሰብሪያ ማንቆርቆሪያውን ይዛ ቆማለች። ዓይን ለዓይን ተገናኙ።

«አፍስሺ» አሉ።

አፈሰሰች።

በማግስቱ ረፋድ ጀላል ውድድሩን ጨርሶ እየሮጠ መጣ። በዛብህ ሰበታ ላይ ሲዞር ሁለተኛ ነበር። በመልሱ የካራ ቆሬን ኩርባ በቁልቁለት ሲታጠፍ የኋላው ጎማ ከቸርኬው ወልቆ ሄደ። ትከሻው ተሰብሯል፤ ጉልበቱም ከላይ እስከ ታች ተገሽልጧል። ጠጠር የት እንዳለ ሁሉም ያውቃል፤ እሱ የወደቀው ግን ጠጠር የሌለበት ላይ ነው። ይህን ልብ ያለ ሰው አልነበረም።

ብስክሌቱን ያመጡት አባቷ ናቸው። ከሰው ጋር ሳያወሩ ወደ ጓዳ አስገቡት። ሰብሪያ በበሩ ክፍተት አየቻቸው። ባዶውን ቸርኬ ጭናቸው ላይ አስተኝተው በቤንዚን የተነከረ ጨርቅ ያሹበት ነበር፤ ልክ እንደ አዲስ እስኪሆን። ከዚያ ወጥተው ደጁ ላይ ለተሰበሰበው ሰው «ነግሬው ነበር» አሉ። «ብረቱን ውሰድ ብዬው ነበር። እናንተም ሰምታችኋል።»

ሰው ሁሉ ሰምቷል። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ።

ሰብሪያ በሦስተኛው ቀን ብርቱካን ይዛ ልትጠይቀው ሄደች። ወይዘሮ ወለተጻድቅ በር ላይ ተቀበሏት።

«ግቢ ልጄ። ያው ተኝቷል፤ ጥጋቡ ጥሎት። አባትሽን የመሰለ ሰው መክሮት እንቢ ያለ፣ ምን ይሁን?»

በዛብህ ትከሻው ታስሮ ግድግዳውን ተደግፏል። ፂሙን አልተላጨም።

«የእኔ መካኒክ» አላት። ለመሳቅ ሞከረ፤ አመመው መሰል፣ ተወው። «ለጋሼ አንድ ነገር ንገሪልኝ። ብስክሌቱን ይሽጡልኝ።»

«ለምን? ትድናለህ እኮ።»

«አጎቴ ደብረ ማርቆስ ወፍጮ ቤት አለው። ትከሻዬ ሲጠግግ እዚያ እሄዳለሁ። እናቴ ነች የቆረጠችው።»

«አንተስ?»

«እኔማ መረጥኩ፤ አየሽው አይደል። ሰው እየነገረኝ፣ ልጆች ፊት ጉራዬን ስነዛ ነው የወደቅኩት። ከእንግዲህ ምንም ነገር ባልመርጥ ይሻለኛል። እናቴ ትምረጥልኝ።» ብርቱካኑን በአንድ እጁ ሊልጥ ሞክሮ አልሆነለትም። ተቀብላው ላጠችለት። ስለ ማስቲሹ ልትነግረው ቀና አለች። እናቱ በሩ ላይ ቆመው ነበር።

ወደ መጠገኛው ስትመለስ አባቷ ዝቅተኛዋ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ጣታቸውን በምላጭ ይፍቃሉ። አዲስ ማስቲሽ ከፒያሳ ገዝተዋል። ማንቆርቆሪያውን አነሳች፤ ግን አላፈሰሰችም።

«ቅዳሜ ለት ምላጭ አላስፈለገዎትም ነበር» አለች።

መፋቃቸውን አቆሙ።

«አባባ፣ በዛብህ ራሱን እየረገመ ነው። ብስክሌቱን ይሽጡልኝ አለ። ወደ ወፍጮ ቤት ሊልኩት ነው።»

«ሥራ አይደለም እንዴ? ወፍጮስ ምን አለው?»

«የመረጠው ጎማ ጥሩ ነበር። የጣለው እኛ ያጣበቅነው ነው።»

«ቀስ በይ።» በሩን አዩ። «ለማን ነው የምትነግሪ? ከአየር ጤና እስከ ዘነበወርቅ ሰው የሚመጣው በዚህ እጅ አምኖ ነው። ነገ ማን ጎማ ይሰጠኛል? አንቺንና ወንድሞችሽን ምን አበላለሁ? ምርጫውስ አልፏል፤ አራቱን ልጆች ወስደዋል። ብንናገር ትከሻው ይገጠማል?»

«አይገጠምም።»

«እና?»

የክለቡ መኪና ትናንት በደጃቸው ሲያልፍ አራቱ ልጆች ከኋላ ተቀምጠው ነበር። አንደኛው ጀላል ነው።

«ብቻዬን ሄጄ እነግረዋለሁ» አለች በመጨረሻ። «ቤንዚኑን የጨመርኩት እኔ ነኝ እላለሁ። ውሸት አይደለም፤ በእጄ ነው።»

«እኔ ያዘዝኩሽን?»

«እርስዎን አላነሳም።»

አቶ ሰይፈዲን ቀና ብለው ልጃቸውን አዩ። ፊታቸው ላይ የነበረው ቁጣ ሟሟ፤ የቀረው ከቁጣ ይልቅ ለማየት የሚከብድ ነበር። ከመንገዱ ማዶ አዛን ተሰማ። እጃቸውን ዘረጉ፤ እሷ ግን ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች ቆመች።

«ለልጁ እነግረዋለሁ» አሉ። «ብቻውን ሲሆን።»

«ጥጋቡ ነው የጣለው የሚሉት እናቱ ናቸው አባባ።»

«ወለተጻድቅ ከሰማች ሰፈሩ ሁሉ ሰማ ማለት ነው።»

«አዎ።»

አዛኑ አለቀ። በመንገዱ አንድ የጭነት መኪና ወደ ጅማ እያጓራ አለፈ። አባቷ የተዘረጉትን እጆቻቸውን አዩ፤ ምላጩን መስኮቱ ላይ መልሰው አስቀመጡ።

«እሺ» አሉ፣ ቀና ሳይሉ። «ሰግጄ ስመለስ አብረን እንሄዳለን። እናቱም ባሉበት እናገራለሁ።»