ለራሱ የነፋው ጥሩምባ

ጳጉሜ አራት ቀን 1976 ዓ.ም.፣ ገና ጎህ ሲቀድ፣ በጎባ ላይኛው ቀበሌ ጥሩምባ ሦስት ጊዜ ተነፋና ዝም አለ። ሰው ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ ጋቢውን ደርቦ «ማን ሞተ?» እያለ በየደጁ ወጣ። የሟች ስም የሚጠራ ድምፅ ግን አልተከተለም። ለፋፊው አቶ ዳቢሴ ነፍቶ ሲጨርስ፣ አስቀድሞ በኦሮምኛ ቀጥሎም በአማርኛ ስም ሳይጠራ ቀርቶ አያውቅም ነበር።

አንድ ሰዓት ላይ እሱኑ ራሱን አገኙት። ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት ጓሮ፣ የመኪና ቸርኬ ከተንጠለጠለበት ጽድ ሥር በደረቱ ተደፍቷል። ማጅራቱ ተመቷል፤ ጥሩምባው ከጎኑ ነው።

«ለራሱ ነፍቶ ሞተ» ተባለ። ወሬው ሰፈሩን ሲያዳርስ ሰው ልጆቹን ወደ ቤት አስገባ።

ሊቀመንበሩ ኢታና ወይዘሮ አሰገደችን አስጠራት። አሰገደች ከሪራ የሚመጣ ማር ሻጭ ናት፤ ፊደል የቆጠረችው በመሠረተ ትምህርት፣ በአርባ ዓመቷ ነው። የቀበሌው ፍርድ ሸንጎ አባል ያደረጓት ግን ዓይኗን አይተው ነው፤ ውሃ የተቀላቀለበትን ማር ሳትቀምስ ታውቃለች።

ስትደርስ ባለሱቁ መሀመድአወል የፊጥኝ ታስሯል። ከሦስት ቀን በፊት ዳቢሴ «ስኳር ደብቋል» ብሎ ሲለፍፍበት፣ በሰው ፊት «ምላስህን ያድርቀው» ብሎታል። ዛሬም ከሱብሂ ሰላት በኋላ፣ ጥሩምባው እንደተነፋ፣ በቅሎውን እየጎተተ በዚያው ጓሮ ሲያልፍ ታይቷል። ስድስት ሰዓት ላይ የአውራጃው መኪና ይመጣል። በዚያ መኪና ተወስዶ የተመለሰ ሰው ሰፈሩ አያስታውስም።

ሚስቱ ረቢያ አላለቀሰችም። የአሰገደችን ቀሚስ ጫፍ ይዛ «አዴ፣ ያለን እስከ ስድስት ሰዓት ብቻ ነው» አለቻት።

አሰገደች ሬሳው አጠገብ ተቀመጠች። የቀበሌው ጸሐፊ ደምሴ፣ እንደ ልማዱ የሱፍ ኮፍያውን እስከ ጆሮው ደፍቶ ከጀርባዋ ቆመ።

«ጓድ አሰገደች፣ ማር ሻጭ ደግሞ ሬሳ መመርመር ጀመረች?»

«ማርም ሬሳም ዝንብ አያጣውም፤ እኔ ዝንቡን ነው የማየው» አለችው ቀና ሳትል።

ሬሳውን አስገለበጠች። ገትሮ እንደ ግንድ ሆኗል። የወታደር ካፖርቱ ጀርባ ውሃ ያንጠባጥባል፤ ከደረቱ ሥር ያለው ሣር ግን ደረቅ ነው። ጥሩምባውን አንስታ ዘቀዘቀችው፤ ጠብታ አልወጣውም። ቸርኬው የሚመታበት ብረት ከቦታው የለም።

ከዚያ አንድ በአንድ ጠየቀች። ሊቀመንበሩ ማን ሞተ ብሎ መውጣቱን ነገራት። ሻይ ቤት ያላት ጤቤም እንደዚያው፤ ጸሐፊው ደምሴ ጥሩምባው ዝም እንዳለ ሻይ ቤቷ ገብቶ፣ ሬሳው እስኪገኝ ከወንበሩ እንዳልተነሳም ጨመረች። መሀመድአወል የሰማው በቅሎ ሲጭን ነው፤ «ወላሂ፣ ማን ይሆን ብዬ ደንግጬ ነበር» አለ።

ደምሴ የመለሰው ባጭሩ ነው። «ሰማሁ። ለስብሰባ የሚጠራ መስሎኝ፣ እስኪሰበሰቡ ሻይ ልጠጣ ገባሁ።»

አሰገደች ራሷን ነቀነቀች። ቀጥላ የሰፈሩን ታሪክ ደብተር እንዲያመጣላት ለመነችው። መስከረም ሁለት የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ሲከበር የሚነበበው ይህ ነው፤ ዳቢሴ ይናገራል፣ ደምሴ ይጽፋል። ጣቷን ከፊደል ፊደል እያስኬደች አነበበች። ስድስተኛው ገጽ «ምንጫችንን አጥሮ በውሃ ጥም የፈጀን ሰው» ብሎ ይቆማል። የሚቀጥለው ገጽ ስምንት ነው።

አምስት ሰዓት ላይ ሁሉንም ጽዱ ሥር ሰበሰበቻቸው። ከታች መንገድ የመኪና ድምፅ በመጣ ቁጥር ረቢያ ዓይኗን ትጨፍናለች።

«ትናንት ማታ አንድ ሰዓት ላይ ዝናብ ጀመረ፤ ሊነጋጋ ሲል አባራ» ብላ ጀመረች አሰገደች። «የዳቢሴ ጀርባ ርሷል፣ ከሥሩ ያለው ሣር ደርቋል። እንግዲህ የወደቀው ሳይዘንብ ነው። የሞተ ሰው ጎህ ሲቀድ ጥሩምባ አይነፋም። ጥሩምባውም እዚህ ቢያድር ኖሮ ውሃ ይሞላው ነበር። አንድ ሰው ቤት አሳድሮ፣ ነፍቶ፣ ከጎኑ ጣለው።»

«ለምን ብሎ?» አለ ኢታና።

«ዳቢሴ እስከ ንጋት በሕይወት ነበረ እንድንል። ገዳዩ መሀመድአወል በየማለዳው በዚህ እንደሚያልፍ ያውቃል፤ እሱ ራሱ ግን ነፍቶ ወዲያው ሰው መሀል ገባ። ነገር ግን ተሳሳተ። በዚህ ሰፈር ለስብሰባ ቸርኬ ይመታል። ጥሩምባ ለሞት ብቻ ነው፣ ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም። ሁላችሁም ማን ሞተ ብላችሁ ወጣችሁ። ስብሰባ የመሰለው አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ሰው ሁሉ ወደ ደምሴ ዞረ። ደምሴ ከመጣ አራት ወሩ ነው። ሮቤ እያደረ በሁለት ሰዓት አውቶቡስ ነበር የሚመጣው፤ ጎባ ማደር የጀመረው በዚህ ሳምንት፣ ለበዓሉ ዝግጅት ነው። እድር ግባ ሲሉት «የአሮጌው ሥርዓት ቅሪት» ብሎ ስቆባቸዋል። መርዶ በማለዳ ሲነፋ አንድም ቀን ሰምቶ አያውቅም።

«ቸርኬውን እንዳትመታ ደግሞ ብረቱ የለም፤ ዳቢሴን የመታህበት እሱ ነው፤ ደም ነክቶት ጥለኸዋል» አለችው አሰገደች።

«ይህ የአድኃሪ ተረት ነው» አለ ደምሴ። «እኔ የደሀ ገበሬ ልጅ ነኝ።»

አሰገደች ወደ እስረኛው ዞረች። «ከታሪክ ደብተሩ የተቀደደው ገጽ ምንጩን ስላጠረው ሰው ነው። መሀመድአወል፣ አያትህን ከምንጩ ያባረረው ማን ነበር?»

«ባላምባራስ ገላግሌ።»

«ልጅ ነበረው?»

«አንድ። የእኛ ውሻ ግራ ጆሮውን ቆርጦት፣ አባቱ ውሻውንም ቤታችንንም አቃጠለ።»

ማንም ሰው ኮፍያህን አውልቅ አላለውም። የደምሴ ግራ እጅ ግን በራሷ ጊዜ ተነስታ ኮፍያውን ወደ ታች ሳበች።

«ገጹን የቀደድከውም፣ ዳቢሴን የገደልከውም የአባትህ ስም በበዓሉ እንዳይነበብ ነው» አለችው አሰገደች። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም፤ እጅም አንዴ ከተነሳ አይመለስም።

ኢታና ራሱ የመሀመድአወልን ገመድ ፈታ። ያንኑ ገመድ ለደምሴ አዋሉት።

መኪናው በሰዓቱ መጣ፤ ሰው ይዞ መሄዱም አልቀረም። አሰገደች ቁልቁል ሲወርድ ቆማ አየችው። የላከችውን ሰው ማንነት ታውቃለች፤ የት እንደላከችውም ታውቃለች። ማታ ማር ብትቀምስም እንደሚመራት ገባት።

ዳቢሴ ግን አሁንም ስሙ አልተጠራም። ለፋፊው ሲሞት ለፋፊ ማን ይሁን? መሀመድአወል ገመድ የከረከረውን እጁን ዘርግቶ ጥሩምባውን አነሳ፤ ሦስት ጊዜ ነፋ። ቀጥሎ፣ ዳቢሴ ያደርግ እንደነበረው፣ በኦሮምኛ ጀመረ።

«ኦቦ ዳቢሴን ዱኤ!»

ሲያበቃ «አቶ ዳቢሴ ሞተ!» ብሎ በአማርኛ ደገመው። ድምፁ የተሰበረው በአማርኛው ላይ ነው።