አሥራ አንዱ ጥናቶች

«አሥራ አንድ ጥናት?» አለች አክስቷ፣ መነጽሯን ወደ አፍንጫዋ ጫፍ ዝቅ አድርጋ።

«አሥራ አንድ!» ልጅቷ ወረቀቶቹን የሆስፒታሉ ቤተ መጻሕፍት ጠረጴዛ ላይ ዘረገፈቻቸው። ደረቷ ተነፍቷል፤ ቢነፋስ ማን ይፈርድባታል? የአተነፋፈስ ልምምድ አስምን እንደሚያድን ያገኘችው እሷ ናት። እናቷ ለጎረቤቱ ሁሉ አውርታ አልጠገበችም፤ ከትናንት ጀምሮም «ዶክተሬ» እያለች ትጠራታለች። የትንሽ ወንድሟን በአፍ የሚሳብ የአስም መድኃኒት ደግሞ «ከእንግዲህ ምን ያደርግለታል?» ብላ መሳቢያ ውስጥ ከታዋለች።

አክስቷ ወረቀቶቹን ሰብስባ ወደ ጎን አደረገቻቸው። እዚህ ቤተ መጻሕፍት ስትሠራ ዓመታት አልፈዋል፤ ሐኪሞች እንኳ ጥናት ሲጠፋባቸው የሚመጡት እሷ ጋ ነው።

«ምን ብለሽ ነው የፈለግሽው?»

ልጅቷ ኮምፒውተሩ ላይ ጻፈችላት፦ የአተነፋፈስ ልምምድ አስምን ያድናል።

«በይ እንግዲህ! መልሱን ጥያቄው ውስጥ ከተሽ ታዲያ ምን ያድርግ? ያልሽውን አቀበለሽ።» አክስቷ «ያድናል» የሚለውን አጠፋች። «ልጆች» ብላ ጨመረች፤ ቀጥላም «በመድኃኒት ፋንታ»። ሐኪሞች ለአስም የሚጠቀሙባቸውን ሌሎች ስሞችም ደረደረች።

መቶ ሠላሳ ሰባት ጥናት መጣ። ጎን ለጎን ተቀምጠው የእያንዳንዱን ማጠቃለያ አነበቡ። መድኃኒት ያቆመ ልጅ የዳነበት አንድም አላገኙም።

«አሁን ደግሞ ያንቺን እንይ። እነማን ላይ ነው የተሠሩት?»

ልጅቷ ያነበበችው ርዕስ ርዕሱን ብቻ ነበር። ገልጠው ሲያዩ ዘጠኙ የተሠሩት በአዋቂዎች ላይ ነው። በአሥራ አንዱም ውስጥ ቢሆን መድኃኒቱን ያቆመ ሰው አልነበረም፤ ልምምዱን የሠሩት መድኃኒታቸውን እየወሰዱ ነው። ክው አለች።

«ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» አለች አክስቷ ልታስቃት። ልጅቷ ግን አልሳቀችም። ጠዋት ወንድሟ ደረጃውን ሲወጣ ደረቱ ሲያፏጭ ሰምታ «ልምምድህን ሥራ» ብላው ነበር። ፈራች። አፈረችም፤ ጎረቤቱ ሁሉ ሰምቷላ።

«አክስትዬ፣ ለእማዬ አንቺ ንገሪያት በናትሽ። እንዲሁ ሐኪም ተቆጣ በያት።»

«እደውላለሁ። የሌለ ሐኪም ግን አልፈጥርም።» አክስቷ ስልኳን አወጣች።

ልጅቷ እጇን ዘረጋች። «ስጪኝ። እኔው ልንገራት።»

ስልኩ ሁለቴ እንደጠራ ተነሳ። «እማዬ፣ እኔ ነኝ» አለች።

«አቤት፣ ዶክተሬ! አክስትሽ ምን አለች? ተደነቀች አይደል?»

«እማዬ፣ ተሳስቻለሁ» አለች። «ሁሉንም መጥቼ አስረዳሻለሁ። አሁን መሳቢያውን ክፈቺ።»