ቀን ሊቆርጡ የመጡ መስሎኝ

ሰው ማበርታት የማውቅ ይመስለኝ ነበር። እንጀራዬም እሱው ነው፤ እስራኤል፣ አሽዶድ ውስጥ፣ ማትናስ በሚሉት የሰፈር ማዕከል ወጣቶችን ወደ ትምህርትና ወደ ሥራ እገፋለሁ። ቀኑን ሙሉ «ቃዲማ፣ ወደፊት!» ስል እውላለሁ። የምወደውን ሰውም በዚሁ አፌ ገፍቼ አጣሁት።

ማሐሪን ያገኘሁት ሮቫ ሔት ወደሚባለው ሰፈር በሚሄድ አውቶቡስ ውስጥ ነው። ሲሚንቶ በደረቀበት ጣቱ አንድ ደብዳቤ ያገላብጣል። ዓይን ለዓይን ተጋጨን።

«ይቅርታ፣ ይህን ታነቢልኛለሽ? ዕብራይስጡ ገና አልገባኝም» አለኝ አፍሮ።

ወደ አይሁድ እምነት የሚገባበትን የጊዩር ትምህርት እንዲጀምር የተፈቀደለት መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ነበር። ሳነብለት ፊቱ ሲበራ አየሁና የምወርድበትን ፌርማታ አለፍኩት። ከጎንደር ከመጣ ሰባት ወሩ ነበር። ሲነጋ ወለል ያነጥፋል፣ ከሥራ ሲወጣ ይማራል።

እኔ እዚሁ የተወለድኩ ነኝ። አባቴ ለእምነታቸው ሲሉ በሱዳን በኩል በእግራቸው የመጡ ሰው ስለሆኑ፣ ገና ወደ እምነቱ ያልገባውን የማሐሪን ነገር ስነግራቸው ፊታቸውን አዞሩ። «ጊዩሩን ይጨርስና እንነጋገራለን» አሉ። የምፈራው እሳቸውን ነበር።

በዓመት ከሦስት ወሩ ጨረሰ። ባሕሩ ዳር ጠራኝ።

«ሊሞር፣ አለቀ። ዳኞቹ ተቀበሉኝ!»

እኔም ደስ አለኝ፤ ደስታዬን ግን በሆዴ ያዝኩና፣ «እንግዲህ ዕብራይስጥህን እናስተካክል። ከእሑድ ጀምሮ የቋንቋ ትምህርት ቤት፣ ኡልፓን ትገባለህ» አልኩት።

ዝም ብሎ ባሕሩን አየ። ዝምታውን እሺታ አደረግሁት። እዚህ ያደግን ልጆች ቅር ሲለን እንጮኻለን፤ የማይጮኽ ሰው ሆዱ ይቆስላል ብዬ እንዴት ልገምት?

አጎቱ አባ ሽባባው ሽማግሌ ይዘው መጡ፤ አባቴም ቃል ሰጡ። ማሐሪ ኡልፓን ገባ። አንድ ቀን የጋዜጣ ገጽ ከላይ እስከ ታች አነበበልኝ። ሁለት ቃል ተሳስቶ ነበር፤ ሁለቱንም አረምኳቸው። ሌላ ያልኩት ነገር ትዝ አይለኝም።

ከዚያ አባ ሽባባው ሮቫ ዩድ ያለውን አሮጌ ቤታቸውን ለእኛ ለቀቁልን። ማሐሪ የተሰነጣጠቀውን ወለል ነቅሎ፣ አርብ አርብ እየሄደ፣ በአራት ወር አዲስ አነጠፈ። ሲጨርስ ወሰደኝ። ጫማውን አውልቆ በር ላይ ቆመ።

«እንዴት ነው?»

«ጥሩ ነው። ግን ማሐሪ፣ እስከ መቼ በጉልበትህ ትንበረከካለህ? ምህንድስና ብትማርኮ! ምዝገባው እስከ ወሩ መጨረሻ ነው» አልኩና ከቦርሳዬ ፎርሙን አውጥቼ ሰጠሁት።

ተቀበለኝ። አጥፎ ኪሱ ከተተው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ጫማውን ሲያስር ቆየ፤ ሁለት ማሰሪያ ያን ያህል አያቆይም ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት፣ ማክሰኞ ከሰዓት፣ አባ ሽባባው ከሌላ ሽማግሌ ጋር ቤታችን መጡ። የሠርጉን ቀን ሊቆርጡ የመጡ መስሎኝ ቀሚሴን ቀየርኩ። ኩሽና ሆኜ ሻይ እየቀዳሁ አዳምጣቸው ጀመር።

«እህ፣ ሽባባው፣ መቼ እንበለው ታዲያ?» አሉ አባቴ በደስታ።

«ወንዳለ ወንድሜ፣ ቀን ልንቆርጥ አልመጣንም። ቃላችሁን ልንመልስ ነው።»

«ምን አጠፋች ልጄ?»

«ኧረ ምንም አላጠፋች። እኛም ለመንነው፣ ገሠጽነው፤ እንቢ አለ። "የምችለውን ሁሉ አደረግሁ። እሷ የምታየው የቀረኝን ነው። ለእሷ የምበቃ ሰው አይደለሁም" ብሎ አለቀሰብን።»

ሻዩ ከብርጭቆው ሞልቶ እጄን አቃጠለኝ።

«ያን ወለል እኔ ሄጄ አይቸዋለሁ» አሉ አባቴ ቀስ ብለው። «ውሃ ቢደፉበት አንድ ጥግ እንኳ አይቋጥርም። "የሠራ እጅ አይጥፋ" ብዬ ግንባሩን ሳምሁት። እሷ ምንም አላለችውም?»

ማሰናከያዬ ናቸው ያልኳቸው አባቴ እሱን በማመስገን ቀድመውኝ ነበር። ኩሽናው ወለል ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ እንደዚያን ቀን ወድጄው አላውቅም።

በማግስቱ ሮቫ ቴት ቫቭ የሚሠራበት ሕንፃ ድረስ ሄድኩ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ተንበርክኮ አገኘሁት። ከስቷል። መንገዱን ሙሉ የምለውን ሳጠና ነበር የመጣሁት፦ ተመለስ፣ እንዲህ እናድርግ፣ እኔም እለወጣለሁ፣ አንተም እንዲህ ብትሆን። አፌን ልከፍት ስል ያው የድሮው ሥራዬ መሆኑ ገባኝና ዋጥሁት።

ዝም ብዬ ወለሉን አየሁ። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ፣ መስመሩን ተከትዬ፣ እስከ መጨረሻው አየሁት። አንዱም አልተዛነፈም። ከተዋወቅን ጀምሮ የሠራውን ነገር እንዲህ ቆሜ ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር።

«ማሐሪ፣ እጅህ ይባረክ» አልኩት።

የላስቲክ መዶሻውን አስቀመጠ። ቀና ብሎ ብዙ አየኝ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ተስፋ አደረግሁ።

«አሜን፣ እህቴ» አለኝና መዶሻውን አንስቶ ወደ ሥራው ጎንበስ አለ።