በአንድ ጎን የነደዱ ጥዶች

ፊንላንድ ውስጥ በረዶ በሚቀልጥበት አንድ የሚያዝያ ጠዋት፣ ሽማግሌው ኦይቫ ከተከላቸው የገና ጥዶች መሃል በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። ማጅራቱን በመዶሻ ተመቷል። መዶሻውም እዚያው አጠገቡ ወድቋል።

መርማሪዋ ሲርካ ስትደርስ የሟቹ አማች ያሪና ጎረቤቱ ካውኮ ሊተናነቁ ምንም አልቀራቸውም። የያሪ ሚስት፣ የሟቹ ልጅ ኢርማ፣ ጎረቤቷን በዓይኗ ትበላዋለች። ፖሊሶቹም ለካውኮ ካቴና አዘጋጅተዋል።

«ይሄ ውሻ ነው!» አለ ያሪ። «ጥዶቻችንን መረዘ፤ አባባ ሊጠይቀው ቢሄድ ገደለው!»

«ዝጋ፣ አንተ ሰነፍ!» አለ ካውኮ። «ሃያ ዓመት በድንበር ተጣልተናል። ዛፍ ላይ ግን እጄን አንስቼ አላውቅም!»

ሲርካ ሰው ሲጮህ መሬት መሬቱን የማየት ልማድ አላት። ወገብ የሚደርሱት ጥዶች በደቡብ ጎናቸው ቡናማ ሆነዋል፤ በሰሜን ግን አረንጓዴ ናቸው። ከጉልበት በታች፣ በረዶ ሸፍኖት የከረመውም ሁሉ ለምለም ነው። የሟቹ አውራ ጣት ጥፍር ውስጥ አረንጓዴ ልጣጭ አየች። አጠገቡ ያለው ጥድም ቅርፊቱ ተፍቋል።

«ያሪ፣ ብርዱ ሳይገባ ለጥዶቹ ነፋስ የሚጋርድ የጆንያ ከለላ ያቆመው ማነው?»

«እኔ ነኛ! ጥቅምት ላይ ችካል መትቼ ጆንያ ወጠርኩ፤ ውሃም አጠጣሁ። ያነሳሁት ከትናንት ወዲያ ነው።»

ከሰዓት በኋላ ሦስቱንም የሟቹ ጎተራ ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«መርዝ ደቡብና ሰሜን አይመርጥም» አለች። «እነዚህን ያቃጠላቸው ፀሐይና ነፋስ ነው። ከቅጠሉ ውሃውን ሲመጥጡት፣ መሬቱ በረዶ ስለሆነ ሥሩ የሚተካው አጣ። ብርዱ ሳይገባ ውሃ የጠጣና ከለላ ያለው ጥድ እንዲህ አይሆንም።»

«ነፋሱ በርትቶ ይሆናላ!» አለ ያሪ።

«የችካሎቹ ቀዳዳስ? ረድፉን ሁለት ጊዜ ተመላለስኩበት፤ አንድም የለም። ጆንያዎቹም ይኸው ከኋላህ፣ ከሱቅ እንደመጡ ታስረዋል።»

ኢርማ ቀስ ብላ ከያሪ ጎን ራቀች።

«ኦይቫ ቅርፊቱን ሲፍቅ አረንጓዴ አገኘ። ዛፎቹ እንዳልተመረዙም፣ ማን እንደዋሸውም ያኔ ገባው። ታዲያ ካውኮ ጋ ምን ሊሠራ ይሄዳል? በካውኮ አጥር በኩል ያለው በረዶ ዱካ አልነካውም። ከዚህ ቤት ወደ ጥዶቹ ግን የሁለት ሰው ዱካ ይሄዳል፤ የተመለሰው የአንድ ሰው ብቻ ነው። ጫማህን አምጣና እንለካው።»

«ሊያባርረኝ ነበር!» ብሎ ጮኸ ያሪ። «‹እርሻዬን ለሰነፍ አላወርስም› አለኝ! ዛፎቹ ሞተዋል፤ በምን ልክሰው?»

ሲርካ ከተቃጠለ ቅርንጫፍ ጫፍ አንድ እምቡጥ ሰንጥቃ አሳየችው። ውስጡ አረንጓዴ ነው።

«አልሞቱም። የነደደው ቅጠሉ ብቻ ነው። ሰኔ ላይ ያቆጠቁጣሉ።»

ካቴናው ያሪ እጅ ላይ ገባ። ኢርማ ባሏን አፍጥጣ አየችው።

«ችካል ምታበት ብሎ በሰጠህ መዶሻ» አለች፣ «አባቴን መታህበት?»

ካውኮ አጠገቧ ቆሞ ነበር፤ ቀና ብላ ልታየው ግን አልቻለችም።